ዕጣ እንዳይወጣልኝ

በማስተር ፕላኑ ረብሻ መንገድ በተዘጋ ሰሞን፣ ሰበታ ያለው ወፍጮ ቤቴ ሥራ ከመፍታቱ የተነሳ ሸረሪቷ ድር አድርታ፣ ልጆቿን ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታ ነበር። እህል የሚያመጣ ገበሬ የለም። እኔ ቤሳ ቤስቲን በሌለኝ ሰዓት የቤቴ የእሳት ኢንሹራንስ መክፈያ ደረሰ። ቢሮው ስሄድ ጫልቱ የምትባል ሠራተኛ «አካም ጅርቱ፣ አባባ?» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስከፍል አንድ ቀን ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም። ዘንድሮ ቸግሮኛልና ዙሩን ለእኔ ልቀቁልኝ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ዕቁብ መስሎኝ ነው የኖርኩት!

ትስቃለች ስል አልሳቀችም። «አባባ፣ የእኛ ዕጣ የሚወጣልዎት ቤትዎ ሲቃጠል ነው» አለችኝ።

«እንግዲያው ሰርዢኝ!» ልላት አፌን ስከፍት፣ በመስኮቱ ወደ ፉሪ በኩል ጭስ ሲወጣ አየሁ። እሷም ዞራ አየችው። የእኔ ሰፈር አልነበረም፤ የሆነ ሰው ሰፈር ግን ነበር።

«ከፋፍዬ ብከፍልስ?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አለቃዋን አስፈቀደችልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ዕጣው እንዳይወጣልኝ እየተሳልኩ የምጥለው ዕቁብ እሱ ብቻ ነው።