መጋዘን የገባው ቆጣቢ መብራት

ከመቱ ወደ ጎሬ በምትሄደው ላንድሮቨር ውስጥ ግማሽ ኢሉባቦር ላዬ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ጎሬ የማታ መሠረተ ትምህርት የምትማር አንዲት ቅቤ ነጋዴና የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ የሆነ ካኪ ለባሽ ከኋላዬ በነገር ተያያዙ።

“ጓድ፣ እነዚያ የክፍላችን ረጃጅም ነጫጭ አምፖሎች መቼ ነው የሚበሩልን?”

“በርተዋል እኮ እትዬ! ጎብኚዎች የመጡ ዕለት።”

“ከዚያስ ወዲህ?”

“ተነቅለው መጋዘን ገብተዋል። ቆጣቢ መብራት በየማታው እየበራ እንዴት አድርጎ ይቆጥባል?”

“እኛስ በምን እናንብብ?”

“ኩራዝ ይዛችሁ ትመጡ የለም እንዴ? በዚህ ዘዴ እኮ ከአውራጃው በቁጠባ አንደኛ ወጥተናል!”

“ያ ዋቅ፣ አምላኬ! እኔ ደግሞ ከክፍሉ መጨረሻ ወጣሁ። በዚያ ጨለማ ሰሌዳው የቱ፣ የመምህሩ ካፖርት የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ፣ የካፖርቱን ቁልፎች ፊደል ናቸው ብዬ ሳነብ ፈተናው አለቀ።”

“ይደግማሉ፣ ምን ችግር አለ?”

“ዛሬ ማታ ነው የምደግመው። ከወደቅሁ ከሀ ሁ ልጀምር ነው፤ ባሌ እሱ ፈተናውን አልፎ ‘ማይሟ’ እያለ ይጠራኛል!”

“አይዞዎት።”

“ለመሆኑ ጓድ፣ እርስዎ ቤት በየማታው ቦግ የሚለው ነጭ ብርሃን ምንድን ነው?”

“እሱማ… አንዳንዶቹን እንዳይበላሹ እየሞከርኳቸው ነው።”

“እሰይ! እንግዲያው ዛሬ ማታ መምህሩንም ተፈታኞቹንም ሰሌዳውንም ይዤ እርስዎ ቤት እመጣለሁ። አብረን እንሞክራቸዋለን።”

እኔም በዚያው ቀን ወደ መቱ የመመለሴን ሐሳብ በልቤ ሰርዤ ጎሬ ለማደር ወሰንኩ።