ሰባተኛው መሐላ

ባለቃሉ የሚባሉት ልብስ ሰፊ ይህን ስም ያገኙት እንዲያው አይደለም። «ሐሙስ ከምሳ በፊት» ካሉ ሐሙስ ከምሳ በፊት ነው። መብራት ቢጠፋ፣ መርፌ ቢሰበር፣ ወገባቸው ቢያዝ ለደንበኛ ምክንያት ደርድረው አያውቁም። ስለዚህም በአንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ለጤና ጣቢያ የሰፏቸውን አሥራ ሁለት ነጫጭ ጋዋኖች ጠቅልለው ሲደርሱ ንብረት ክፍሉ ተቆልፎ አገኙት። ባለ ቁልፉ ስብሰባ ገብቷል ተባሉ።

«ቀጠሮ የማያከብር ሰው ምኑን ሰው ሆነ?» እያሉ ኮሪደሩ ላይ ሲያጉረመርሙ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል «አባባ! እርስዎ ነዎት?» የሚል ድምፅ ሰሙ።

የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የሰፉላት እሳቸው ናቸው። «ታድጊበታለሽ» ብለው ጫፉን አራት ጣት አጥፈው ስለሰፉት ሦስት ዓመት ለብሳዋለች። ዛሬ ስለ አእምሮ ጤናና ስለ ሱስ ከሚያጠኑት ጋር ትሠራለች። የቸገራቸውን ሰዎች ታነጋግራለች፣ የነገሯትን ትመዘግባለች፣ ከሕክምናውም ታገናኛቸዋለች። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቀች።

«ወንድሜስ? አብሮ አደጌ ደኅና ነው?»

ባለቃሉ የጋዋኑን ጥቅል ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። የምትጠይቀው ስለ አንድ ወንድ ልጃቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ከእሳቸው ጋር በጨርቅ ቆራጭነት ይሠራል፣ እጁን የሚያክል እጅ በሠፈሩ የለም፤ መጠጥ ግን ይዞታል።

«እንኳን አገኘሁሽ፤ ቅዳሜ ቤት ነይ» አሏት። «ዘመድ ሁሉ ባለበት ይምላል። ስድስቴ ምሎ ስድስቴ አፍርሷል። አሁን ከመማሉ በፊት አንድ ሳምንት ጓዳ እቆልፍበታለሁ ብዬ ነበር፤ እኅቱ አለቀሰችብኝና ተውኩት። ከማለ በኋላ ግን ቆልፌበት እከርማለሁ። ሰባተኛውን ካፈረሰ ልጄ አይደለም። ቃል የሌለው ሰው ክር እንደሌለው መርፌ ነው፤ ይወጋል እንጂ አይሰፋም።»

«አባባ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«መጠየቅ እንጀራሽ አይደል? ጠይቂ።»

«መማል ከመጀመሩ በፊት አጠጣጡ እንዴት ነበር?»

«ከሥራ ሲወጣ ሁለት ሦስት መለኪያ ይልና ቤቱ ይገባል። እየዋለ እያደረ ግን በዛ።»

«ከመሐላው በኋላስ?»

«ሁለት ሦስት ወር እንደ መልአክ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ይቀምሳል። በቀመሰበት ቀን ቤት አይገባም፤ በማግስቱም የለም። ሁለት ሳምንት ድራሹ ይጠፋል። ባለፈው እኅቱ ናት ከአንድ ግንብ ሥር ወድቆ ያገኘችው፤ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም ይላል።»

«መሐላውን ያፈረሰው የቱ ነው? የመጀመሪያው ብርጭቆ ነው ወይስ ሁለቱ ሳምንት?»

«ብርጭቆው ነዋ! ይኼም ይጠየቃል?»

«እሱም የሚያስበው ልክ እንደዚያ ነው» አለች ረጋ ብላ። «አንዷን ሲቀምስ 'በቃ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ከእንግዲህ ብመለስስ ምን ፊት አለኝ?' ይላል። እኛ ሥራችን ሆኖ ብዙ ሰው አነጋግረናል፣ በሌላ አገር የተጠናውንም እናነባለን። አንዷ መሰናከል የነገሩ ሁሉ መጨረሻ የምትመስለው ሰው ከዚያ በኋላ ብሶበት ይጠጣል። 'ዛሬ ተሰናከልኩ' ብሎ የሚነግረው ሰው ያለው ግን ቶሎ ይመለሳል። ልጅዎን ሁለት ሳምንት ከቤት የሚያስቀረው መጠጡ ብቻ አይደለም፤ እርስዎን ማየት ያፍራል።»

ባለቃሉ ከወንበሩ ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ ንግግር ከዚህ በፊትም ሰምተዋል፤ ሁልጊዜም ደማቸውን ያፈላዋል።

«እንግዲያ ጠጣ ልበለው? ተማርን ብላችሁ ጥፋቱን ሁሉ በሽታ፣ በሽታውን ሁሉ የሌላ ሰው ጥፋት ልታደርጉት ነው! ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ሰው ያፍር ነበር። ሰውን ሰው ያደረገው ዕፍረት ነው።»

«ጠጣ አይበሉት። 'ብትጠጣም ና፣ ደብቀህ አትቅር' ይበሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

«የእናትሽን ተረት በእኔ ላይ ታወጪብኛለሽ?» አሉና ሳይወዱ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። «እሺ፣ መሐላው ይቅር። መቆለፉስ? ያ እንኳ ይጠቅማል። ባለፈው ሦስት ቀን ቆልፌበት ነበር። ተንቀጠቀጠ፣ ልብሱ እስኪረጥብ አላበው፣ ግድግዳው ጉንዳን ለብሷል እያለ ጮኸ። ማስመሰል መሆኑ ስለገባኝ አልከፈትኩለትም።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ልጅዎ ሊሞትብዎት ነበር።»

«ምን?»

«በየቀኑ አብዝቶ የለመደ ሰው መጠጡን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይሸበራል። ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ይታየዋል፣ አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ እያንፈራገጠ እስከ ሞት ያደርሰዋል። ማቆሙ ደግ ነው፤ ግን ሐኪም እያየው፣ መድኃኒት እየተሰጠው ነው የሚያቆመው። በተቆለፈ በር አይሆንም።»

ሽማግሌው ወደ ክፍሉ በር ዞር ብለው አዩ። ያን ጊዜ በሩን ከውጭ ሆነው በጀርባቸው ደግፈው፣ ልጁ «አባባ፣ ክፈትልኝ» ሲል ጆሯቸውን በእጃቸው የያዙት ትዝ አላቸው። ለልጁ የሚበጀውን የሠሩ መስሏቸው ነበር። ስንቶቻችን ነን በፍቅር ብለን ያልሆነውን የምናደርግ! ባለቃሉን የሚወቅስ ሰው ቢኖር ቀድሞ የራሱን ቤት ይፈትሽ።

«መቼ ነው የጀመረው?» ብላ ጠየቀች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እናቱ በሞተች በዓመቱ። መቀሱን ይዞ ጨርቅ ላይ አፍጥጦ ይውል ነበር። አይበላም፣ አይተኛም። በኋላ መጠጡ እንቅልፍ ይሰጠኛል አለ። ሐዘን ለእሱ ብቻ መጣ እንዴ? እኔስ ሚስቴ አልነበረችም?»

«ሐዘኑ ውሎ አድሮ ሕመም ሆኖበታል አባባ። ይኼ ሕመምና መጠጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ሲከፋው ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይብስ ይከፋዋል። ሁለቱም አብረው ካልታከሙ አንዱ ሌላውን ጎትቶ ያመጣዋል። ግን ሕክምና አለው። የሚያነጋግረው ሰው እናገናኘዋለን፣ ካስፈለገም መድኃኒት አለ። በአንድ ቀን አይድንም፤ መንገድ ላይም ሊሰናከል ይችላል። ብዙ ሰው ግን ሲድን አይቻለሁ።» እስክሪብቶዋን መልሳ አንሥታ ጨመረች፦ «ለመሆኑ በምን ነው የሚያስምሉት?»

«በእናቱ ነዋ። 'የእናቴ አጥንት ይውጋኝ' ብሎ…»

ባለቃሉ ቃሉን ከአፋቸው ሳይጨርሱት ቀሩ።  ሰውየው የልኬት ሰው ናቸውና የሳቱት የት ላይ እንደሆነ ሲያዩት ያውቁታል። ልጁ በእናቱ ሞት ታመመ፤ እሳቸው ደግሞ በተሰናከለ ቁጥር እናቱን እንዲከዳ አደረጉት። ስድስት ጊዜ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ በእጅጌያቸውም ጠረጉት።

«እርስዎስ?» አለቻቸው። «ከዚያ ወዲህ አንድ እሑድ አርፈዋል?»

«ሥራ አለ፣ ልጄ።»

«ሥራ ሁልጊዜ አለ። ሰኞ አብራችሁ ኑ። ለሁለታችሁም ወንበር አለኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘመድ ተሰበሰበ። የልጁ ታላቅ እኅት በሩ አጠገብ፣ የባለቃሉ ታናሽ ወንድም ደግሞ እንደ ልማዱ መሐሉን ይዞ ተቀመጠ። ልጁ ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ገባና እንደ ስድስቱ ጊዜ በአባቱ ፊት ተንበርክኮ እጁን ጉልበታቸው ላይ አኖረ። ቃሉን ሊጀምር አፉን ሲከፍት አባቱ እጁን ያዙት።

«ተነሥና ተቀመጥ» አሉት። «ዛሬ መሐላ የለም። ያለፉትንም ስድስቱን አንሥቼልሃለሁ። እናትህን በዚህ ነገር ውስጥ ማስገባት አልነበረብኝም፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። ደብቀህ እየጠጣህ ከሆነም እስከዚያ በገዛ እጅህ በአንድ ጊዜ አታቋርጥ፤ ሐኪሙ የሚልህን እንሰማለን። ከእንግዲህ ብትጠጣም ቤትህ ይኸው ነው። ብቻ ንገረኝ።»

አጎትየው ከመቀመጫው ዘለለ። «ምን ጉድ ነው? ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«የቀድሞ ጎረቤታችን ልጅ።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! ማሰሪያው ከተፈታ ይሄ ልጅ ዛሬውኑ ገደል ነው የሚገባው።»

«ስድስቴ አስረነው ስድስቴ ገደል ገብቷል» አሉ ባለቃሉ። «አንተም ነበርክ፣ እኔም ነበርኩ።»

አጎትየው እንደ ፈራው አልሆነም፤ ይህን ለአንባቢ ሳንደብቅ እንንገር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስምንት ወር አልፏል። ልጁ ሕክምናውን ይከታተላል፣ እንቅልፉ ተመልሶለታል። በነዚህ ወራት ሁለት ጊዜ ተሰናክሏል፤ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ቀን ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ነግሯል። እኅቱ በየግንቡ ሥር መፈለግ ትታለች። ባለቃሉም እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግተው ከልጃቸው ጋር በእግር ይዞራሉ፣ ስለ ሟቿም ያወራሉ። አጎትየው እንኳ በቅርቡ የራሱን ጎረቤት ወደ ጤና ጣቢያው ልኳል፤ ያመነ መሆኑን ግን አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ይህ ሁሉ ደግ ነው። በሩ የተከፈተው ግን እዚያው፣ አጎትየው ገና እየተቆጣ ሳለ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆይቶ ድንገት፣

«አባባ፣ ማክሰኞ ጠጥቻለሁ» አለ።

 በስድስት መሐላ ያልወጣ እውነት ነበር። ሁሉም የባለቃሉን ፊት አየ። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ልጁ አስጠጉ።

«ማክሰኞ ምን ሆነህ ነበር?»

«ያቺ ደንበኛ ያዘዘችው ቀሚስ…» አለ ልጁ። «ልኬቱን ሰጥተኸኝ ወጣህ። ጠመኔ አንሥቼ ልሥለው ስል ደረቱ፣ ወገቡ፣ ቁመቱ፣ ቁጥሩ ሁሉ የእማማ ነው። መቁረጥ አቃተኝ።»

ባለቃሉ የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አውቃለሁ» አሉት። «እኔም ስላቃተኝ ነው ለአንተ የሰጠሁህ።»