የእትዬ አበራሽ ድፎና የእኔ ጨጓራ

ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና ካሳነስኩ አራተኛ ወሬ ነበር። ከደባርቅ ዳባት ለክርስትና ሄድን። የባለቤቴ አክስት እትዬ አበራሽ፣ ከሐኪም ሁሉ በላይ የሚያውቁት ሴትዮ፣ ማር የተቀባ ድፎ ዳቦ ይዘውልኝ መጡ።

«እትዬ፣ ዳቦና እንጀራ ከቁራሽ ካለፈ አይስማማኝም፤ ሥጋውን እበላለሁ» አልኳቸው።

«ሰው ያለ እህል ይኖራል? ወይስ ደባርቅ ገብተሽ የዳባት ዳቦ ተናቀ?» ብለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ። ባለቤቴ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። እኔ ሞኟም ለይሉኝታ ብዬ ሦስት ጉርሻ ዋጥኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ደረቴን ይደበድበው ጀመር፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ጓሮ ሮጬ አጥሩን ተደግፌ የበላሁትን ሁሉ አወጣሁት።

እትዬ ተከትለውኝ መጥተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ወይኔ! ልጄን ቡዳ በላብኝ! ጤና አዳም አምጡ!»

አፌን በነጠላዬ ጠረግኩና «እኔን የበላኝ የለም፤ ያበሉኝ ግን እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቃቸው ይለምነኛል። ለምኑ? ዳቧቸው ሳይገድለኝ ስለቀረ?