የአንድ በሬ ደም

አንደኛው ሁሴን የሚባል የዋጃ ገበሬ ነው፤ ሁለተኛው አበበ የሚባል የእንስሳት ሐኪም። ወደ ቆቦ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«አምና ከከብቶቻችን ደም የቀዳኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ሁሴን። ለበሽታ ጥናት ነበር። የስድስቱም ደም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ክትባቱም ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደ።»

«ስድስት አልነበሩም፣ ዶክተር። አንዱን በሬ ገመዱን እየቀየርን ስድስት ጊዜ አቀረብንልህ። ሌሎቹን ወደ በረሃ አሽሽተናቸው ነበር።»

«ለምን?»

«መንግሥት ከብት የሚቆጥረው ለመዋጮ ነው ብለን ነዋ። በሬው እንኳ መርፌውን ሲያይ ያጓራ ነበር፤ እንዴት አላወቅኸውም?»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በሦስተኛው ላይ በጆሮው ጠባሳ አውቄዋለሁ። መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ስድስት ከብት ብዬ ጻፍኩ።»

«አላህ ይቅር ይበለን። አሁን የተረፉትን እንዲከተቡልን ልለምን ነው ቆቦ የምሄደው።»

«ነገ እመጣለሁ። ሁሉንም አውጡልኝ።»

«አሁንማ ምን የሚደበቅ አለ? ከመንደሩ ስልሳ ሁለት ከብት አልቋል።»