ያልሰፈረው መንዙማ

ለወይዘሮ ናዚፋ ለቅሶ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ገብቼ ከመኪና ስወርድ፣ ባለቤታቸውን ጋሽ አብዱልሀኪምን ከሱቃቸው ደጃፍ አገኘኋቸው። ኮምፒውተር የተማረው የእህታቸው ልጅ በድሩ አጠገባቸው ቆሞ ይሟገታቸዋል። በሐዘን ላይ ሙግት አልወድምና ገሠጽሁት።

«መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ ሽማግሌው። «ናዚፋ ሕመሙ ሳይጸናባት በዚህ ልጅ ፕሮግራም መንዙማዋን ቀዳች። የመጨረሻውን ብንከፍተው ባዶ ነው። ‹ያጠፉት እርስዎ ነዎት› ይለኛል።»

«ሱቅ ሲዘጉ ቆጣሪውን ያወርዱታላ!» አለ በድሩ። «ስንቴ ለመንኋቸው!»

«የጎረቤቴ ሱቅ በኤሌክትሪክ ሲነድ አይቻለሁ። ቆጣሪ ሳያወርድ ቤቱ የሚገባ ነጋዴ እዚህ የለም። ደግሞም ኮምፒውተሩ ‹ተቀምጧል› ማለቱን አንብቤ ነው ያወረድሁት።»

ይህች ቃል ከነከነችኝ። ወደ ውስጥ ገብተን በድሩን የራሱን ድምፅ እንዲቀዳ አዘዝሁት። ኮምፒውተሩ ወዲያው «ተቀምጧል» አለ። ፋይሉን ስናየው ግን ባዶ ነው።

«ቆይቶ ይጻፋል እኮ፣ መምህር። ፕሮግራሙ ሥራውን ‹ክር› ለምንላቸው ጎን ለጎን ለሚሮጡ ሁለት ክፍሎች ያከፋፍላል፤ አንዱ ክር ድምፁን ይቀበላል፤ ሌላው ዲስኩ ላይ ይጽፋል። በየጊዜው ከመጻፍ፣ ሲጠራቀም ባንዴ መጻፍ ይፈጥናል።»

«ለማን ነው የሚፈጥነው? አክስትህ ቸኩለው ነበር?»

ዓይኑን ወደ ባዶው ፋይል መለሰ። አዘንሁለት፤ ነገር ግን አልተውሁትም።

«የተጠራቀመው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ‹ተቀምጧል› ያለው የተቀበለው ክር እንጂ የጻፈው አይደለም። አጎትህ ያመኑት ያንተን ቃል ነው። ፕሮግራምህ ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ዲስኩ ላይ ያስፍር፤ ጸሐፊው ክር ሳይጨርስም ‹ተቀምጧል› አይበል።»

በድሩ እየተቅለሰለሰ ቁጭ ብሎ አስተካከለው። ከዚያም ድምፁን ቀድቶ ቆጣሪውን በገዛ እጁ አወረደ። መልሶ ሲያበራ ድምፁ ሳይጎድል ተሰማ። ያን ጊዜ የአጎቱን ጉልበት ይዞ አለቀሰ፤ «አጎቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው።

ላጽናናው ብዬ፣ ከእንግዲህ በቡሬም በጎረቤቷ በማንኩሳም በፕሮግራሙ የሚቀዳ ድምፅ መብራት ቢጠፋ እንኳ እንደሚተርፍ፣ ቢበዛ አንዲት ስንኝ ብቻ እንደምትጎድል ነገርሁት።

«የናዚፋ የመጨረሻውስ?» አሉ ጋሽ አብዱልሀኪም።

እውነቱን እኔ ነገርኋቸው።

«የእሳቸው የለም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆዩ። ኋላም የበድሩን ትከሻ ይዘው አነሡት።

«እህቷ ናጂሃ ጅጋ ከተማ አለች። መንዙማውን የተማሩት አብረው ነው። እሷም ደክማለች፤ ለለቅሶው እንኳ መምጣት አልቻለችም፤ ኮምፒውተሩን ይዘህ ዛሬውኑ ሂድ።»