ለአባዬ ያሳየሁት እንሰት

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ወሬ ጀመሩ።

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ አባባ። አባቷ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ሥራ ይዞት ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞል ውስጥ መጫወቻ ነበር የምንወስዳት። አንድ ቀን እንግዶች ‹አገርሽ የት ነው?› ሲሏት ‹ኮንዶሚኒየም› አለች።»

«ውይ!»

«ሁላችንም ሳቅን። አባቷ ግን እራቱን ሳይበላ ተኛ። ያኔ ነው ላመጣት የወሰንኩት።»

«ታዲያ አገሩን ወደደችው?»

«መጀመሪያ ጭቃው አስለቅሷት ነበር። በኋላ አክስቷ ጓሮ ወስደው እንሰት አስተከሏት።»

«የራሴ ነው!» አለች ልጅቷ።

«ያንቺ ነው የኔ ልጅ» አሉ ሽማግሌው። «ግን እንሰት ቶሎ አይደርስም፤ እሱ እስኪደርስ አንቺም ትልቅ ልጅ ትሆኛለሽ።»

«ለአባዬ በስልክ አሳየሁት። አለቀሰ።»

«አላለቀሰም፣ ጉንፋን ይዞት ነው» አለች እናትየው እየሳቀች።

«አልቅሷል! እንባውን አይቻለሁ።»

«ይሁን ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «እኔም ብሆን አለቅሳለሁ።»

ወናጎ ላይ ወራጅ እንደነበርኩ ትዝ ያለኝ ዲላ መናኸሪያ ስንገባ ነው።