በረዶው ማንን ሊቀጣ መጣ?

አያ ይኸነው የቅዳሜ ገበያቸውን ጨርሰው ከእንጅባራ ወደ አዘና በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ የሸጋ ልጅ ፋና መሆኗን ያወቁት ረዳቱ በሩን ከዘጋው በኋላ ነው። ቀድመው አይተዋት ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላው ወንበር ባለፉ ነበር። ልጅቷን ጠልተዋት አይደለም፤ ዓይናቸው እያየ አድጋ ዩኒቨርሲቲ የገባች የጎረቤት ልጅ ናት። ነገሩ ወዲህ ነው። ባሏ የሞተባት እናቷ ሸጋ በጥቅምቱ አቦ ዕለት ድንች ስትቆፍር ታየች። ሳምንት ሳይሞላ በረዶ ወርዶ የመንደሩን ገብስ ከአፈር ደባለቀው። "በዓል ሽራ አስቀጣችን" ተባለ። ነገ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሳት የሚያጭራት፣ በወንፈል የሚያጭድላት፣ ብትሞትም የሚቀብራት እንዳይኖር ሽማግሌዎች ሊፈርዱባት ነው። የሽማግሌዎቹ አውራ ደግሞ ማን ሆነና? ራሳቸው አያ ይኸነው ናቸው።

"እንደምን ሰነበቱ፣ አያ?" አለች ፋና ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ኧረ ተቀመጪ በሞቴ! ትምህርቱስ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። አሁን የምሄደው ግን ስለ ነገው ነገር ብዬ ነው።"

አያ ይኸነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገ የሚፈርዱበትን ሰው ልጅ ዓይን ዓይኗን እያዩ መንገድ መሄድ እንዴት ይከብዳል!

"ልጄ፣ እናትሽን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። የአገር ጉዳይ ሆነብኝ። እግዚአብሔር ተቆጥቷል፤ ቁጣውን ማብረድ አለብን።"

"መቆጣቱን በምን አወቁ?"

"በበረዶው ነዋ!"

"ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንድ መምህራችን ሰው የአምላክን ሐሳብ ለምን ፈጠረ ብሎ ቢጠይቀን ክፍሉ ተንጫጫ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ወይ ጉድ! እሱ እኛን ፈጠረን እንጂ እኛ ምን ፈጠርነው?" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩዋቸው።

ፋና አልደነገጠችም፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች። "በመሸ ጊዜ በርዎ ኳ ቢል ምን ይላሉ?"

"ማነው እላለሁ።"

"አዩ፣ ምንድን ነው አይሉም። ነፋስ ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ ማነው ነው የሚሉት። የጥንቱም ሰው መብረቅ ሲጮህበት፣ ልጁ ታሞ ሲሞትበት፣ ማነው አለ። ማንንም ሲያጣ ከላይ አንድ ጌታ አለ ብሎ አሰበ። የሚያውቀው ጌታ ደግሞ በምድር ያለውን ነው፤ እጅ መንሻ ሲያገባለት ደስ የሚለውን፣ ሲዳፈረው የሚቆጣውን። የዚያን ጠባይ ሰጠው። መምህራችን ያለን ይህን ነው። እርስዎም ቢሆኑ የአያትዎን የኮሶ ዛፍ ነገር ሲያወሩልን እየሰማን ነው ያደግነው።"

አያ ይኸነው ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። አያታቸው ወንዝ ዳር ያለውን ትልቅ ኮሶ፣ አድባሩ ከብቶቼን እንዳይፈጅ እያሉ ቅቤ ሲቀቡት ኖረዋል። መንገድ ሲሠራ ዶዘሩ ነቅሎ ጣለው። አንዲት ጥጃ እንኳ አልታመመችም። ይህንን ሲያወሩ ራሳቸው ናቸው ከሁሉ በላይ የሚስቁት። ዛሬ ግን ፈገግታቸው ቶሎ ጠፋ።

"ታዲያ ፈጣሪዬን ከኮሶ ዛፍ ጋር ልታስተካክይው ነው?"

"ኧረ አያ! ስለ እሱ ከምንናገረው ውስጥ የትኛው የእሱ ነው፣ የትኛውን እኛ ጨመርንበት ብዬ ነው።"

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን "ዝም በይ፣ አንቺ ባለጌ" ብሎ ነገሩን በዘጋው ነበር። አያ ይኸነው ግን የሰሙትን ነገር አላምጠው የሚውጡ ሰው ናቸው። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ቀስ ብለው ጀመሩ።

"ደርበው ልጄ የሞተ ጊዜ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። አገሩ ሁሉ መጥቶ አጽናናኝ፤ እኔ ግን ምኑም አልገባልኝ አለ። አንድ ቀን ብቻዬን ሄጄ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፌ አለቀስኩ። የሚሰማኝ አለ ብዬ ባላስብ ኖሮ ያን ቀን አብጄ ነበር። ደግሞ አዝመራው ሰምሮ ጎተራ የሞላ እንደሆነ፣ ደስታውን ለብቻ መሸከም አይቻልም፤ ማመስገን ያምርሻል። ማንን ታመሰግኛለሽ? በሬውን? መምህርሽ ይህን ነግሯችኋል? ሰው እግዚአብሔርን የፈለገው ስለ ፈራ ብቻ አይደለም፣ ልጄ።"

የፋና ዓይን እንባ አቀረረ። "አልነገረን" አለች። "እኔም አላሰብኩት። እውነትዎን ነው።" ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ዞራ አየቻቸው። "እንግዲያው አያ፣ ያን ቀን ያለቀሱለት አምላክ፣ ድንቿ ጭቃ ውስጥ እየበሰበሰ ስላስቸገራት በቆፈረች መበለት ተቀይሞ በረዶ የሚያወርድ ነው?"

አያ ይኸነው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሚኒባሱ በረዶው የመታው አገር ደረሰ። አያ ይኸነው በረዶው ከወረደ ጀምሮ የራሳቸውን ማሳ ብቻ ነበር እያዩ ሲያዝኑ የሰነበቱት፤ ዛሬ ከመኪናው ላይ ሆነው ሁሉንም አዩት። በረዶው የተነሳው ከተራራው ማዶ ነው፤ የማዶ ሰዎች ደግሞ አቦን አክብረው እንደዋሉ ያውቃሉ። ቁልቁል ወርዶ የደብሩን ማሳ ጠራርጎታል። ከዚያ የእሳቸውን፣ ከዚያ የጎረቤታቸውን የመሳፍንትን። ጅረቱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ከጅረቱ ወዲያ አንዲት ትንሽ የገብስ ማሳ ዘለላዋ ሳይረግፍ ቢጫ ሆና ቆማለች። የማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

"ቆይ እስቲ" አሉ ለራሳቸው። "ሸጋን ሊቀጣ ተነስቶ ሸጋን ስቶ እኔን መታ? የታቦቱስ ማሳ ምን አጥፍቶ ነው?" ከመኪናው ወርደው ሲለያዩ የፋናን ራስ ዳበስ አድርገው፣ "ለእናትሽ፣ ይኸነው ነገ ነይ፣ አትፍሪ ብሎሻል በያት" አሏት።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጡ። መሳፍንት አንድ ዘለላ ያልተረፈለት ሰው ነውና ገና ከመጀመሪያው፣ "ትለይ! ምን ይጠበቃል?" አለ። አያ ይኸነው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"መሳፍንት ወንድሜ፣ የተቆጣነው እኛ ነን። ያዘንን፣ የራበን፣ የምንመታው ሰው የፈለግን እኛ ነን። የራሳችንን ቂም ወስደን ለእግዚአብሔር አሸከምነው። ይህን ዓይነቱን አምላክ ሰው ነው የፈጠረው፤ አያቴ የኮሶውን አድባር እንደፈጠሩት። እኔ የማመልከው አልቅሼ የሰማኝን ነው። እሱ በድንች አይቀየምም። ደግሞስ ብንለያት ምን እናገኛለን? ገብሷ አጫጅ አጥቶ ይረግፍና አንድ የተራበ ቤት እንጨምራለን። ባንለያት በወንፈል እናጭድላታለን፤ እህሉ የተረፈለት በረዶ ለመታው ዘር ያበድራል፤ ከእንግዲህም ሰብሉ ሊበላሽ የደረሰበት ሰው በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይሰበስባል። ቁጣ አበረድን የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።"

አብረው ከተቀመጡት ቄሶች አንዱ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹም እርስ በርስ እየተያዩ "እውነት ነው" አሉ። መሳፍንት ብቻ ፊቱን አዙሮ ቀረ።

ሸጋ ዳር ቆማ ትሰማ ነበር። መቀነቷን አጥብቃ ወደ ቤቷ ሄደችና፣ ከልጇ ጋር የተቀቀለ ድንች በቅርጫት ሞልተው ይዘው ተመለሱ፤ ያው የአቦ ዕለት የተቆፈረው ነው። የሌላው ሰው ድንች በዓል በመጣ ቁጥር ሳይቆፈር ሲቆይ ግማሹ መሬት ውስጥ በስብሷል። ፋና እየዞረች ለሁሉ ሰጠች። መሳፍንት ጋ ስትደርስ እጁን አልዘረጋም። እሷም አላለፈችውም፤ ቅርጫቱን እንደያዘች ቆመች። ትኩሱ ድንች ሸተተው መሰለኝ፣ ልጆቹም ቤት ውስጥ ምን እንደበሉ ያውቃል፤ በመጨረሻ አንዱን አነሣ። ልጦ ቀመሰው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አያ ይኸነው ፋናን አዩዋት፤ ምን ልትመልስ እንደሆነ ለማየት።

"አብሮ ይስጠን" አለች ፋና፣ ሁለተኛ ድንች እየጨመረችለት።